ግንባሩ የረዘመ ይለፍ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና «የጋሪ በረት» በሉኝ። ነገሩ የሆነው አራዊት በባዶ እግር መሄድ አስጠልቷቸው ጋሪ መግፋት በጀመሩበት ዘመን፣ ቆላና ደጋ በሚገናኙበት በዝግባ ዱር ውስጥ ነው። ሰው የሚባል ፍጡር በአካባቢው አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን በሰው እንዳታመካኙ።

በዚያ ዱር እመት ጥንቸል የምትባል ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። አራት ልጆች አሏት። ሦስቱ ጭምት ናቸው፤ የመጨረሻዋ ቀጋ ግን አንድ ቦታ መርጋት አታውቅም። እናቷ ልጆቹን ጋሪ ላይ ጭና ወደ ወንዝ ስትወርድ፣ ቀጋ ዘላ ትወርድና ከጋሪው ፊት ፊት ትሮጣለች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ብትባል ማን ሰምቶ። እመት ጥንቸል ግን ብዙም አትሰጋም ነበር። ጋሪዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ ከኋላ ሆና ስትገፋ የቀጋ ሁለት ጆሮዎች ከፊት ሲወዛወዙ ይታዩዋታል። ጆሮዎቹ ቆም ሲሉ እሷም የወይራውን ማቆሚያ ሳብ አድርጋ ትቆማለች።

ያቺን ጋሪ የሠራላት አያ ጃርት ነው። ጃርት ወስፌው ከጀርባው የማይነጠል፣ ዱሩ ሁሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ጋሪ ሠሪ ነበር። ሥራው ለዓይን አይሞላም። ዋንዛ ይጠርባል፣ በጠፍር ያስራል፣ የላላውን በሽብልቅ ይመታል፣ አለቀ። ጋሪው ቢንቋቋ ባለቤቱ ራሱ ጠፍሩን ፈቶ ያጠብቀዋል። ካቃተው ወደ ጃርት ያመጣዋል፤ ጃርትም ከጀርባው አንድ ወስፌ ነቅሎ ሁለት ቦታ ወጋ ወጋ ያደርግና «ሂድ፣ ለልጅ ልጅህ ይበቃል» ይለዋል። ለልጅ ልጅ የሚበቃ ዕቃ የሚሠራ ጠላት እንደሚያፈራ አላወቀም ነበር።

የዝግባ ዱር መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ጠባብ ነው። ሁለት ጋሪዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የአባቶች ደንብ ደግሞ ግልጽ ነበር። «ምን ጫንክ?» ይባባላሉ፤ ልጅ የጫነ ያልፋል፣ ሌላው ይመለሳል። ዝሆን እንኳ ሳያጉረመርም ለአይጥ ይመለስ ነበር።

ታዲያ ደንብ ባለበት ሁሉ ብልጣ ብልጥ አይጠፋም። አንድ ቀን ጎሽ ልጅ ሳይጭን ሲገፋ «ልጅ ጭኛለሁ» ብሎ አለፈ። በኋላ ሲታይ የጫነው አንድ እስር ሣር ነው። በማግስቱ ከርከሮም ዋሸ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የጠብ መንገድ ሆነ። «ልጅህን አሳየኝ!» «ተኝቷል፣ አትቀስቅስብኝ!» እየተባለ ውሃ ሳይቀዳ የሚዋልበት ቀን በዛ።

ጉዳዩ ከአያ አንበሶ ሸንጎ ደረሰ። አያ አንበሶ ጋሪ አይገፋም፤ ይገፉለታል። ስለ መንገድ ችግር የሚያውቀው የቀን እንቅልፉን የረበሸውን ጩኸት ብቻ ነው።

«ውሸት የማይገባበት ደንብ አምጡልኝ» አለ እያዛጋ።

አያ ጅቦ ተነሣ። በዚያ ዘመን ጅብ በየጥሻው መዞሩን ትቶ ትልቅ የጋሪ መሥሪያ ቤት ከፍቶ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው ግን በሚያውቁት አገር ተቀምጦ አስነጠፈ፤ ያነጠፉለትም በደንብ የሚያውቁት ናቸው።

«ጃንሆይ፣» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «ልጅ ይደበቃል፤ ግንባር ግን አይደበቅም። ሁለት ጋሪ ሲገናኝ የፊታቸው ሰሌዳ፣ ግንባራቸው ይለካ። ግንባሩ የረዘመ ይለፍ፤ ያጠረ ይመለስ። ክርክር የለ፣ ምስክር የለ።»

ሸንጎው አጨበጨበ። አያ ጃርት ብቻ ከጥግ ተነሥቶ «ልጅ የጫነውስ?» ሲል ጠየቀ።

«ልጅ የጫነማ ግንባሩን ያስረዝም» አለው ጅቦ።

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ጃርትም አብሮ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር።

ከዚያ ወር ጀምሮ የጅቦ ቤት ሥራ በዛበት። ጋሪ ነዳፊ አድርጎ የቀጠራት እመት ጦጣን ነው። ጦጣ በዕድሜዋ አንድ ቀን ጋሪ ገፍታ አታውቅም፤ መንገዷ በቅርንጫፍ ላይ ነው። ዛፍ ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ ያማረላትን ሁሉ «ይሄ ነው የዘመኑ መልክ» እያለች በከሰል ትነድፋለች፤ ከሥር ያሉት ቀጥቃጮች ይቀጠቅጣሉ። በመጀመሪያ ግንባሩን ከገፊው ደረት አስበለጠች። ቀጥላ ከአንገቱ፣ ቀጥላም ከራሱ አስበለጠች። በግንባሩ ላይ የተቆጣ ፊት ቀረጸች፤ ቅንድቡ የተኮሳተረ፣ ጥርሱ የገጠጠ። ለሠርግም የሚሄድ ለልቅሶም የሚሄድ፣ ጋሪው ተቆጥቶ ነበር የሚሄደው። ቀይ አፈርና ቢጫ ጭቃ መቀባት የኋላ ቀር ተባለና ጋሪ ሁሉ አመድማ ሆነ። ባለቤቶቹ ከገበያ ሲወጡ የማን የማን እንደሆነ እየጠፋባቸው ያሸቱት ጀመር።

ከውጭ ሲያዩት አዳራሽ፣ ከውስጥ ሲገቡበት የዶሮ ቆጥ ነበር። ጎሽ ከሁሉ የሚበልጠውን ሸክም ተሸካሚ ጋሪ ወሰደና አንዲት ጭነት ሳይጭንበት ዓመቱን ዋለ። «ለምን አትጭንበትም?» ሲሉት «ይቧጨርብኛል» ይል ነበር። ሣሩን በጀርባው ተሸክሞ ጋሪውን ባዶውን ይገፋል።

የወይራው ማቆሚያም ቀረ። ጦጣ «ዱላ መጎተት የድሮ ነው» አለችና በቦታው የተወለወለ የቀንድ ገበታ አስገባች። ሦስት ጊዜ በቀስታ ሲዳብሱት ከሥሩ ያለው ዘዴ ይነቃና መንኮራኩሩን ይይዛል። በደረቅ እጅ፣ በረጋ መንፈስ፣ በሜዳ ላይ ሲሞክሩት ግሩም ነበር። ጦጣም የሞከረችው ሜዳ ላይ ነው። አካሉን በሙሉ ደግሞ በሰም አሸጉትና የጅቦን ጥርስ ማኅተም መቱበት። ከጅቦ ቤት ውጭ የተከፈተ እንደሆነ ከፋቹ ይበላል፤ ይህን የምላችሁ በምሳሌ አይደለም፣ ይበላል ማለት ይበላል ማለት ነው።

በየመስከረሙ አዲስ ጋሪ ይወጣል። የሚለወጠው ቅንድቡ ነው። ባለ አሮጌ ቅንድብ ጋሪ በሸንጎ አደባባይ ሲያልፍ ቁራዎች ሳይቀሩ ይሳለቁበታል።

እመት ጥንቸል በዚህ ሁሉ መሃል ዝቅ ያለች ጋሪዋን ይዛ ቀረች። ፋሽን አላማራትም፤ ውሃ ግን ያስፈልጋታል። ጠዋት ተነሥታ ወደ ወንዝ ስትወርድ መሃል መንገድ ላይ አንድ የተቆጣ ግንባር ይገጥማታል። ትመለሳለች። እሱ ሲያልፍ እንደገና ስትጀምር ሌላ ይመጣል። «ልጆች ጭኛለሁ፣ ተጠምተውብኛል» ብትል «ግንባርሽን አሳዪ» ትባላለች። ወንዝ ስትደርስ ውሃው ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። ልጆቿ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ።

አንድ ቀን ደግሞ ጎሽ ሲመጣ አላያትም። ከግንባሩ በታች ያለችውን ጋሪ ከየት አይቷት! ጎኗን ገጭቶ ከነልጆቿ ገደል አፋፍ ላይ ጣላት። ከጋሪው ፊት ዞሮ ሲያያት አዘነ፤ እውነቱን ለመናገር ጎሽ ክፉ አልነበረም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እመት ጥንቸል» አላት። «ግን ጥፋቱ ያንቺም ነው። እናት ሆነሽ ልጆችሽን በዚህች ሰፌድ ታንቀዋልያለሽ? እኔ ለልጆቼ ስል ነው ትልቁን የገፋሁት። ለልጆችሽ እዘኚ እንጂ።»

ይህቺ «ለልጆችሽ እዘኚ» የምትለው ቃል ልቧ ውስጥ ገባች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋ ለክረምት ያጠራቀመችውን ሥራሥር ሁሉ ተሸክማ፣ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ጅቦ ቤት ሄደች። ጅቦ ሥራሥሩን ተቀበለ፤ አሮጌዋን ጋሪ ደግሞ እዚያው ፊቷ ሰባብሮ ማገዶ አደረጋት።

«ለምን ሰበርካት?» አለች ደንግጣ።

«ለደኅንነትሽ ነው» አላት። «አሮጌ ጋሪ አደገኛ ነው።»

አዲሱን ጋሪ ስትገፋ የኋላ እግሮቿ መሬት እየቧጠጡ ነበር። ከፊቷ የሚታያት የሰሌዳው ጀርባ ብቻ ነው፤ መንገዱን በጎን ባለው ዛፍ እየገመተች ሄደች። ቢሆንም ያን ቀን ማንም ወደ ኋላ አልመለሳትም። ከርከሮ መንገድ ለቀቀላት። ሚዳቋ ጥግ ይዛ ሰገደችላት። ልጆቿ የጠራ ውሃ ጠጡ። እመት ጥንቸል ደስ አላት፤ ኮራችም። ይህን መደበቅ አይገባም፣ ኮርታለች።

ፊት ለፊት አለመታየቱን ማንም አጥቶት አይደለም። አንድ ሁለት እንስሳ ተገጭቶ ስለነበር ጦጣ መላ አበጅታ ነበር። በግንባሩ ሥር ቅል አንጠልጥላ ቅሉ ውስጥ ፌንጣዎች አስገባች። ከፊት አንዳች ነገር ሲኖር ፌንጣዎቹ ይጮኻሉ። ፌንጣዎቹም አላሳፈሯትም፤ ጮኹ። ለድንጋይ ጮኹ፤ ለሚረግፍ ቅጠል ጮኹ፤ ለነፋስ፣ ለጥላ፣ ለገዛ ራሳቸውም ጩኸት ጮኹ። በሁለተኛው ሳምንት የዱሩ ጋሪ ገፊ ሁሉ ጆሮውን በቅጠል ወትፎ ነበር። ጥንቸል የጆሮዋን ነገር ታውቃላችሁ፣ ከሁሉም ይልቅ የተሰቃየችው እሷ ናት። ወተፈችው።

አንዱ መንኮራኩር ወደ ጎን መሳብ ሲጀምር፣ የቀንዱ ገበታም አልታዘዝ ሲላት ወደ አያ ጃርት ወሰደችው። ጃርት ዞሮ ዞሮ አየው። ጎንበስ ብሎ ሰሙን አሸተተው።

«ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አላት። «አንድ ወስፌ ነበር የሚበቃው። ግን ይህችን ማኅተም ከነካሁ ጅቦ ከነእሾኬ ነው የሚውጠኝ። ይልቅ የቀንዱ ገበታ እርጥብ እጅ አይሰማም፤ ጤዛ ሲኖር ቁልቁለት እንዳትወርጂ።»

«ጤዛ የሌለበት ጠዋት አለ እንዴ አያ ጃርት?»

«የለም» አላት፣ አንገቱን ደፋ።

ወደ ጅቦ ቤት ብትሄድ «ተራሽ ከመኸር በኋላ ነው» አሏት። ውሃ ደግሞ እስከ መኸር አይጠብቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ጤዛው ከባድ ነበር። እመት ጥንቸል አራቱንም ልጆቿን ውስጥ አስገብታ ከደነችባቸው። መስኮቱ ለመልክ ሲባል ጠቦ የዓይን ያህል ስለነበር ውስጡ ጨለማ ነው። ቀጋ ጨለማ አትወድም። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ክዳኑን በራሷ ገፋ አድርጋ እንደ ልማዷ ወረደችና ወደ ፊት ሮጠች። እናቷ አላየቻትም። ፌንጣዎቹ ጮኹ፤ ከጠዋት ጀምሮም ሲጮኹ ነበር። ምናልባት ቀጋም «እማዬ፣ እዪኝ!» ብላ ይሆናል። ጆሮዋ የተወተፈ እናት ይህን አትሰማም።

ጋሪው ፈጠነባት። እመት ጥንቸል የቀንዱን ገበታ ዳበሰችው። አልሰማም። እጇን ደረቷ ላይ ጠርጋ እንደገና ዳበሰችው፤ ደረቷም ጤዛ ነክቶት ነበር። በዚህ መሃል ቀጋ መንገድ ላይ ጢንዚዛ አይታ ጎንበስ ብላለች። እመት ጥንቸል አንድ ትንሽ ነገር ከመንኮራኩሩ ሥር ሲነሣና ሲወርድ ተሰማት። ድንጋይ ነው አለች።

ሜዳው ላይ ጋሪው በራሱ ጊዜ ቆመ። ክዳኑን ከፍታ ልጆቿን አወረደች። ሦስት ናቸው። ውስጡን ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ ዳገቱን አየችና በአራት እግሯ ሽቅብ ሮጠች።

ጩኸቷን ጆሮው የተወተፈውም ሁሉ ሰማ።

ቀጋ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሸንጎ ተጠራ። አያ ጅቦ ፊቱን አጥቁሮ መጣ፤ በማልቀስማ ማን ይስተካከለዋል፣ ልቅሶውን ያስተማረችው ጦጣ ናት።

«ሐዘኑ የሁላችንም ነው» አለ። «ነገር ግን እውነቱ ይነገር። ፌንጣዎቹ ጮኸዋል። ያልሰማችው እሷ ናት። ጋሪያችን ተመርምሮ ምንም ጥፋት አልተገኘበትም።»

«ማን መረመረው?» አለ ጃርት።

«እኔ» አለች ጦጣ። «ጋሪው በተነደፈው መሠረት ነው የሠራው።»

እመት ጥንቸል ከፊት ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች፤ ይህን ስትሰማ እንኳ ቀና አላለችም።

ጅቦ ቀጠለ። «መፍትሔ ይዤ መጥቻለሁ። ቁመቱ ከግንባር በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ከቤቱ ሲወጣ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም እንጨት ራሱ ላይ ይሰር። ጨርቁ ከግንባር በላይ ስለሚውለበለብ ገፊው ያየዋል። እንጨቱንም መሥሪያ ቤቴ ያቀርባል። በዘንድሮው መስከረም ግንባሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ እንጨቱም ትንሽ ይረዝማል።»

አያ ጃርት ወስፌው ሁሉ ቆመ። «ይህ እኮ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው!» አለ። «ልጆቹ ምን አጠፉ? ግንባሩን ቁረጡት! አንድ መጋዝ አምጡልኝ፣ የሁላችሁንም እስከ ማታ እጨርሳለሁ። ደንቡንም ወደ አባቶቻችን ደንብ መልሱት።»

አያ አንበሶ ጥንቸሏን አየ። ልቡ ትንሽ ተነካ፤ ራበውም። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ባለ ጋሪዎቹን ጠየቀ።

ጎሽ ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔ ለመቁረጥ ዝግጁ ነኝ» አለ። «ከርከሮ ከቆረጠ።»

«እኔም ዝግጁ ነኝ» አለ ከርከሮ። «ጎሽ አስቀድሞ ከቆረጠ።»

«ሁለቱ ሲቆርጡ እኔም ቤት ገብቼ አስብበታለሁ» አለች ሚዳቋ፤ እሷም በዚያው ሳምንት ረጅሙን ወስዳ ነበር።

ጃርት መጋዙን ይዞ ሲጠብቅ ዋለ። ሁሉም ሌላውን ቀድሞ ሲቆርጥ ሊያይ ተጠባበቀ፤ ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ እያንዳንዱ ጋሪውን ገፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እንጨቱና ቀይ ጨርቁ በአዋጅ ጸደቀ። ጅቦ ደግሞ ለእመት ጥንቸል መጽናኛ ይሁን ብሎ፣ የመጪውን መስከረም ጋሪ ለሐዘኗ ጥቁር ቀብቶ በነፃ ሰጣት። ከግንባሮች ሁሉ የረዘመ ነበር። ሸንጎው «ለጋስ ነው!» እያለ አመሰገነው።

አያ ጃርት አልጠረጠራትም። ያንን ጋሪ ገደል ትሰደዋለች ብሎ እርግጠኛ ነበር። በበነጋው ጎሕ ሲቀድ ዋንዛ ቆረጠና ዝቅ ያለች ጋሪ ሊሠራላት ጀመረ፤ ሳይከፈለው፣ ለቀጋ ነፍስ። ቀኑን ሙሉ ጠረበ። በማግስቱ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቤቷ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጥቁር፣ የተቆጣ ግንባር ሲመጣ አየ። ከክዳኑ ሥር የወጡ ሦስት ቀይ ጨርቆች ከላዩ ይውለበለባሉ። ከኋላ የሚገፋው ማን እንደሆነ አይታይም። ትንፋሿን ግን አወቀው።

እንጨቱን ጥሎ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«እመት ጥንቸል! አንቺም? ልጅሽን የበላውን ነገር መልሰሽ ትገፊዋለሽ?»

ጋሪው እንደ ምንም ብሎ ቆመ። ከሰሌዳው ጀርባ ድምፅ ብቻ መጣ፤ የደከመ፣ እንባው ያለቀ ድምፅ።

«አያ ጃርት፣ ቀጋን የገደላት የእኔ ጋሪ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚገድልብኝ ግን የጎሽ ጋሪ ነው። ከየትኛው ልሽሽ? አሁን ዞር ይበሉልኝ፤ ከፊቴ ከቆሙ አላይዎትም።»